መርከቡ ከወደብ ሳይነሣ

የሽርሽር መርከብ በምሽት የሚነሣ በሆነ ጊዜ፥ መንገደኛው ከቀትር ጀምሮ ገብቶ እስኪጨልም ድረስ በወደብ በቆመው መርከብ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚያሳልፍ፥ ያ የመጀመሪያው ቀን የጉዞው ዋዜማ ብቻ መስሎ ይታየዋል። ሻንጣውን በወደቡ ለተሸካሚዎች አስረክቦ ከክፍሉ ደጃፍ እስኪያደርሱለት ይጠብቃል፤ ይህም እስከ ማታ ሊዘገይ ስለሚችል አስተዋይ ሰው መድኃኒቱንና የጉዞ ሰነዱን ከእጁ አይለይም። ማዕዱ ተዘርግቶ ይቆየዋል፤ ሱቆቹና የቁማር አዳራሹ ግን የአገሩ የቀረጥና የቁማር ሕግ ስለሚያግዳቸው፥ መርከቡ ከባሕር ክልሉ እስኪወጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናቸው። በዚህ ሁሉ ተድላና ግርግር መካከል ማንም እንዲቀርበት የማይፈቀድ አንድ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው ወደ ተመደበለት የመሰብሰቢያ ስፍራ ሄዶ፥ አደጋ ቢደርስ በየት በኩል እንደሚወጣ፥ የነፍስ አድን ሰደርያውን እንዴት እንደሚታጠቅ፥ ሰባት ጊዜ በአጭሩ አንድ ጊዜ በረጅሙ የሚነፋው ጡሩምባ ምን እንደሚያመለክት የሚማርበት ሥርዓት ነው። ብዙዎች አሰልቺ ነው የሚሉት ይህ ጥቂት ጊዜ በስንት ነፍስ እንደ ተገዛ ታሪኩን የመረመረ ሰው በቸልታ ሊያልፈው አይችልም።

ለንግድ ወይም ለስደት ሳይሆን ለደስታ ብቻ ባሕር መሻገር የቅርብ ዘመን ልማድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሃምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ ሰው አልበርት ባሊን፥ በብርዱ ወራት የአትላንቲክ መንገደኛ ስለሚያንስ ሥራ ፈትታ የምትቆመውን አውጉስታ ቪክቶሪያን 241 መንገደኞች አሳፍሮ ከኩክስሃፈን ወደ ሜዲትራንያን በወሰዳት ጊዜ፥ የዛሬው የሽርሽር ጉዞ መሠረት ተጣለ። ከዚያ ወዲህ መርከቦቹ በግዝፈትም በጌጥም እየላቁ ሄዱ፤ መንገደኛውን ለክፉ ቀን ማዘጋጀት ግን እንደዚያው ወደ ኋላ ቀረ።

ሚያዝያ 10 ቀን 1912 ዓ.ም. ታይታኒክ በቀትር ከሳውዝሃምፕተን ተነሥታ በምሽት ሼርቡር ደረሰች፤ ወደቡ እርስዋን የሚያህል መርከብ የሚያስጠጋ ስላልነበረ፥ ኖማዲክና ትራፊክ የተባሉት ትናንሽ መርከቦች መንገደኞቹን እያመላለሱ አሳፈሩላትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጉዞዋን ቀጠለች። በዚያ ምሽት የገቡት ሰዎች እራታቸውን በልተው ወደ መኝታቸው ሄዱ እንጂ፥ የትኛው የነፍስ አድን ጀልባ የእነርሱ እንደ ሆነ የነገራቸው አልነበረም። የእንግሊዝ ሕግ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ መርከብ ሁሉ 16 ጀልባ ይበቃል ይል ስለ ነበር፥ ከ46,000 ቶን በላይ የሆነችው ታይታኒክ 20 ጀልባ ይዛ ከሕጉ አብልጣ እንደ ፈጸመች ተቆጠረላት። ነገር ግን ጀልባዎቹ የሚይዙት 1,178 ሰው ሲሆን በመርከቡ ላይ የነበሩት ከ2,200 ይበልጡ ነበር። በአምስተኛው ሌሊት የበረዶው ተራራ ጎኗን በሰነጠቀው ጊዜ፥ የቦታው ማነስ ሳያንስ መንገደኞቹም ነገሩ ስላልገባቸው፥ የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ከግማሽ በታች ተጭነው ወረዱ፤ 1,500 ያህል ነፍሳትም ጠፉ።

ይህ ኀዘን መንግሥታትን በለንደን ሰብስቦ በጥር 1914 ዓ.ም. በባሕር ላይ ስላለ የሰው ሕይወት ደኅንነት የተደነገገውን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አስገኘ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። በ1929 ዓ.ም. ሁለተኛው ስምምነት ቢከተልም፥ በጽሑፍ ያለው ሕግ በልብ ካላደረ ከንቱ መሆኑን የሞሮ ካስል ቃጠሎ አስረዳ። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ይህች መርከብ ከሃቫና ወደ ኒውዮርክ ስትመለስ በሌሊት ተቃጥላ 137 ሰዎች ሲሞቱ፥ ከ400 በላይ ሊይዙ የሚችሉት የወረዱት ስድስት ጀልባዎች 85 ሰው ብቻ ይዘው ወጡ፤ ከእነዚህም የሚበዙት መንገዱን የሚያውቁት መርከበኞች ነበሩ።

ስምምነቱ በየጊዜው ታደሰ፤ የ1974ቱም ድንጋጌ መንገደኞች በተሳፈሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ተሰብስበው ይማሩ ሲል አዘዘ። ሆኖም ይህ የአንድ ቀን ፈቃድ፥ በምሽት የሚነሣ መርከብ ትምህርቱን ወደ ማግሥቱ አስተላልፎ የመጀመሪያውን ሌሊት ባልተማሩ ሰዎች እንዲጓዝ በር የሚከፍት ነበር። ጥር 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርድያ 4,200 ያህል ሰዎች ይዛ በምሽት ከቺቪታቬኪያ ተነሣች፤ ከዚያው ወደብ የተሳፈሩት ከ600 የሚበልጡ መንገደኞች ገና አልተማሩም ነበር፤ ሕግም አልተጣሰም ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ላይ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጨች፤ መርከቡን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ወጣ፤ 32 ሰዎችም ሞቱ። እርግጥ ዋናው በደል የአዛዡ ነበር፤ ነገር ግን የሚያዝዝ በጠፋበት ሰዓት መንገደኛው የሚይዘው ዕውቀት እንኳ እንዳልተሰጠው ያን ጊዜ ተገለጠ።

በዚያው ዓመት በየካቲት የሽርሽር መርከብ ባለቤቶች ማኅበራት ትምህርቱ ከመነሣት በፊት እንዲሆን ወሰኑ፤ ከጥር 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ስምምነቱ ራሱ ተሻሽሎ ከመነሣት በፊት ወይም ወዲያውኑ እንደ ተነሣ ይሁን አለ። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ኩባንያዎች መንገደኛው መመሪያውን በስልኩ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን ተመልክቶ ወደ ስፍራው ለብቻው ሄዶ እንዲመዘገብ ፈቅደዋል። ጉባኤው ቀርቶ ትምህርቱ እንዳይቀር መጠንቀቅ የመንገደኛው ፈንታ ነው፤ ማየት ሳይማሩ መመዝገብ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ በምሽት የሚነሣ መርከብ ላይ የሚሳፈር ሁሉ ከማዕዱና ከዘፈኑ አስቀድሞ ከክፍሉ እስከ መሰብሰቢያው ስፍራ ያለውን መንገድ በእግሩ ሄዶ ይወቅ፤ ልጆቹንም ያሳውቅ። ባሕር ለሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሕጉም የተጻፈው ባልተነገራቸው ሰዎች ሞት ነው። በጨለማና በድንጋጤ ሰዓት መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው የማያውቁትን ብዙዎች ይመራልና፥ ይህን መማር ለራስ ብቻ ሳይሆን አብሮ ለተሳፈረው ባልንጀራም የሚከፈል ዕዳ ነው።