የዲጂታል ማስታወቂያ ሰሌዳዎች በጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥራ፤ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ከመጠን በላይ ሞልቶ 364 ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው በወቅቱ በይፋ ተገልጿል። አደጋው የደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ከተማን ከመታ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲሆን፣ የሁለቱ ባሕርይ ግን የተለያየ ነበር። የድሬዳዋው ጎርፍ በሌሊት በድንገት የደረሰ ነው። በዳሰነች የደረሰው ውኃ ግን በጊቤና በኦሞ የላይኛው ተፋሰስ ደጋዎች ከዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ነበር። ከላይ በዘነበበትና ከታች ውኃው በደረሰበት መካከል ሰውን ከአደጋ ለማራቅ የሚያገለግል ጊዜ ነበረ ማለት ነው።

በዚህ ዓይነቱ ጊዜ የዲጂታል ማስታወቂያ ሰሌዳ ምን ሊያግዝ እንደሚችል ለአደጋ መከላከል፣ ለከተማ አስተዳደርና ለኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች ማስገንዘብ ተገቢ ይሆናል። ሰሌዳው በመብራት የሚሠራ ትልቅ ስክሪን ሲሆን፣ መልእክቱ ከማዕከል በኢንተርኔት ወይም በሞባይል ኔትወርክ ስለሚላክለት በደቂቃዎች ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አንድ ትልቅ የአውራ ጎዳና ድልድይ በተደረመሰበት ዕለት የንግድ ማስታወቂያ ስክሪኖች ወዲያውኑ ለአሽከርካሪዎች ማስጠንቀቂያ እንዲያሳዩ ተደርገዋል። በፍሎሪዳም የሰሌዳ ባለንብረቶች ከግዛቲቱ የአደጋ ሥራ አመራር ጋር ተስማምተው በአውሎ ነፋስ ወቅት የመንግሥትን መልእክት ያስተላልፋሉ። ስምምነቱ አስቀድሞ የሚፈረመው አደጋ ሲደርስ ስለ ክፍያና ስለ ፈቃድ እንዳይደራደሩ ነው።

ይሁንና አሠራሩን እንዳለ ወደ ደቡብ ኦሞ ማምጣት አይቻልም። ቀዳሚው ምክንያት አደጋው በአካባቢው ሰማይ ላይ አለመታየቱ ነው። የቆላው ዋነኛ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሚጥል ሲሆን፣ ኦሞ የሚሞላው ግን በደጋው ክረምት፣ በነሐሴና በመስከረም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ኦሞራቴ ፀሐይዋ ደምቃ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ጽሑፍ ለዳሰነች አርብቶ አደር ምንም አይነግረውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የወንዙ ዳር ነዋሪ ሙላትን በጠላትነት ብቻ አያየውም፤ ውኃው ሸሽቶ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። «ወንዙ ይሞላል» ቢባል ደስ ሊለው ይችላል። እንግዲህ መልእክቱ የሚዘራበትን ሙላት ከሚገድለው ሙላት መለየት ይኖርበታል። ውኃው እስከ የትኛው መንደር ይደርሳል፣ በስንት ቀን፣ ከብትና ልጅ ወዴት ይወሰድ የሚሉት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ሥርዓት ስለተለወጠ ከሜትሮሎጂ ትንበያ ጋር ከግድቡ የሚለቀቅ ውኃ መረጃም የግድ አስፈላጊ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ሙላት በዳሰነች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማፈናቀሉ ስጋቱ እንዳልተወገደ ያሳያል።

የቦታ ምረጫን በተመለከተ በአካባቢው ሰው የሚሰበሰበው ገበያ ላይ ነው። ቀይ አፈር ሐሙስ ትገበያያለች፤ ጂንካና ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ደግሞ ሰኞ። የጂንካ መናኸሪያም አለ፤ ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ የሚወርደው የአይሱዙ ሾፌር ወሬ አድራሽ ነው። በቱርሚ አጠገብ እንዳለው ካስኬ ያሉ አሸዋማ ደረቅ ወንዞችን የሚያቋርጠውም እርሱ በመሆኑ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ለራሱ ይጠቅመዋል። በ1998ቱ አደጋ ውኃ ከቧቸው በጀልባና በሄሊኮፕተር የተፈለጉት ሰዎች ግን ስክሪን ከሚታይበት እጅግ የራቁ ነበሩ። ሰሌዳው መልእክቱን ለሚያደርሰው ሰው የሚያቀብል እንጂ የመጨረሻው ተቀባይ ዘንድ የሚደርስ መሣሪያ አይደለም። ከኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ ከቀበሌ ሊቀ መንበርና ከአገር ሽማግሌ ጋር ካልተያያዘ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

16 ነባር ብሔረሰቦች ባሉበት አካባቢ አንድ ጽሑፍ ለሁሉም አይበቃም፤ ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነው። ስለሆነም ሥዕል ይቅደም፦ የሚሞላ ወንዝ፣ ከብት፣ ወደ ከፍታ የሚያመለክት ቀስት። ጽሑፉም አጭር ይሁን። በመሥሪያ ቤቶቻችን የተለመደው «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን» የሚለው አገላለጽ ለደብዳቤ እንጂ ለስክሪን አይሆንም። «ኦሞ ነገ ማታ ይሞላል፤ ከብትና ልጆችን ዛሬውኑ ከወንዙ አርቁ» ቢባል በመኪና የሚያልፈውም ያነበዋል። የላኪው መሥሪያ ቤት ስምና የተላከበት ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከሥር ይታከላል።

ቴክኒኩን በሚመለከት ትልቁ ችግር ኤሌክትሪክ ነው። ሰሌዳው እጅግ በሚፈለግበት በማዕበሉ ሰዓት መስመር ይቋረጣል፤ ባትሪ ወይም ጀነሬተር ከሌለው ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ያድራል። ከነፋስና ከመብረቅ የሚጠብቀው ተከላም ከግዢው ጋር መታሰብ ይኖርበታል።

መልእክቱን የሚያጸድቀው ኃላፊና ተተኪው በስም መታወቅ አለባቸው፤ ጎርፍ የስብሰባ ቃለ ጉባዔ እስኪፈረም አይጠብቅም። መታረሚያውም እንዲሁ። በጥር 2010 ዓ.ም. በሃዋይ በስህተት የተላለፈ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ በይፋ እስኪታረም 38 ደቂቃ ፈጅቷል። ከዚያ ያነሰ የሚመስለው ነገር ግን በእኛ ዘንድ ይበልጥ የሚያሰጋው ውኃው ከሸሸ በኋላ ለሳምንታት ሳይወርድ የሚቆይ ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስት ገበያ ያንኑ ቀይ ምልክት ያየ ሰው በአራተኛው ቀና ብሎ አያይም።