ዘይቱ በየት ይመለሳል?

ፍሬን አልይዝ ያለው መኪና ሁሉንም ሰው ያስደነግጣል። ይዞ አልለቅ ያለውን ግን ብዙዎች «ቢያንስ ይቆማል» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወስደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ላይ አንዱ የፊት ጎማ ብቻውን ቢያዝ መኪናው ወደዚያው ወገን ይጎተታል፤ ወገኑ ደግሞ ገደል ሊሆን ይችላል።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ራሳቸው የተማሩት አዲስ አበባ ከቀሩት ጣሊያን መካኒኮች ከአንዱ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ድል ሆኖ ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ባለሙያዎቹ እንዲቆዩ ስለፈለጉ ብዙዎቹ እዚሁ ቀርተው በየሙያቸው ሠሩ። የእኛ ልጆች መፍቻ ከማቀበል ጀምረው ሞተር እስከ ማውረድ ደረሱ። ትምህርቱ በዓይንና በእጅ ነበር። አዛውንቱ ጎማው የተያዘ መኪና ሲመጣላቸው ምንም ሳይፈቱ አንድ ነገር ይጠይቁን ነበር፤ «ዘይቱ ሄዷል። በየት ይመለሳል?»

ይህ ጥያቄ በሽቦና በዘንግ በሚጎተት ፍሬን ዘመን አይነሳም ነበር። ማልኮልም ሎክሂድ የተባለ አሜሪካዊ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዱዘንበርግ የተባለው መኪና ሠሪ በ1921 በአራቱም ጎማ ላይ ገጠመው፤ ክራይስለር በ1924 ዋጋው ብዙ ሰው በሚደርስበት መኪና ላይ አወጣው። የሎክሂድ ማሸጊያ ቆዳ ስለነበር ያፈስ ነበር። የክራይስለር መሐንዲሶች ቆዳውን በጎማ ተኩት፤ ዛሬ የምንቀይረው ጎሚኒ የመጣው ከዚያ ነው። ጎሚኒው መፍሰሱን ቢያስቀርም የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ፤ የሞተር ዘይት ከነካው ያብጣል። የፍሬን ዘይት ጎደለ ተብሎ የተገኘው ዘይት የተጨመረበት ስንት መኪና አይቻለሁ!

ፍሬን ማስተሩ ውስጥ መርፌ እንኳ የማታሳልፍ የምትመስል ቀዳዳ አለች። እግር ከፔዳሉ ላይ ሲነሳ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይከፍታታል፤ ትርፉ ዘይትም በእሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ጎሚኒው አብጦ ከደፈናት፣ ወይም ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ረዝሞ ፒስተኑን እንዳይመለስ ካደረገው፣ ዘይቱ መውጫ ያጣል። ፍሬኑ በትንሹ ሲነካ ይግላል፤ ሲግል ዘይቱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የባሰ ይይዛል። መኪናው ሲነሳ ደህና ሆኖ መንገድ ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይቱን አስሮ የሚያስቀር ሌላም ነገር አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው ባለ 40 ላንድክሩዘር በመጀመሪያ አራቱም እግሩ ታምቡር ነበር። የታምቡር ማስተር መውጫው ላይ 10 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት የምታስቀር ቫልቭ ይኖረዋል። ሥራዋ የጎሚኒውን ከንፈር ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር አጣብቃ መያዝ ነው፤ ሸራውን ግን ጠንካራ ስፕሪንግ ስለሚመልሰው ያቺ ግፊት አትጎዳውም። ዲስክ እንዲህ ያለ ስፕሪንግ የለውም። ያው 10 ፒኤስአይ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ሲያፋጭ ይውላል።

ዛሬ ወጣቶች አሮጌውን ላንድክሩዘር ከፍ አድርገው፣ ሰፊ ጎማ አግብተው፣ ከሌላ ሞዴል ያወጡትን ዲስክ ይገጥሙበታል። እንዲህ የተሠራ አንድ መኪና መጣልኝ፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ቸርኬው በእጅ አይነካም ነበር። ካሊፐሩን ቀይረውለታል፤ ለውጥ አልነበረም። ጎማውን አነሳነው፤ አልዞር አለ። የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ሳላላው ዘይቱ ፊጭ አለና ጎማው ተለቀቀ። እንግዲያው የተያዘው ግፊት እንጂ ብረት አይደለም። እንደገና ፔዳሉን አስረግጬ ማስተሩን ከቡስተሩ ላይ ትንሽ አላላሁት፤ ጎማው አልለቀቀም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዘንጉ አልነበረም። ቀጥሎ ከማስተሩ የሚወጣውን ቱቦ አላላሁ፤ ወዲያው ለቀቀ። በዚህ ባይለቅ ኖሮ የምጠረጥረው ውስጡ አብጦ ዘይት አላሳልፍ የሚለውን የጎማ ቱቦ ነበር። ማስተሩን ስፈታው የታምቡር ዘመኗ ቫልቭ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ዲስኩን የገጠመው ሰው ማስተሩን አልነካውም።

ይህ የአንድ ጋራዥ ስህተት ብቻ አይደለም። የተለያየ ዘመን ዕቃ አንድ መኪና ላይ የሚገጥም ሰው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደተሠራ ካላወቀ ሥራውን መቀበል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ብሎኑ ልክ መግባቱ በቂ ማረጋገጫ አይደለም።

መኪናችሁን እንዲህ የምታሠሩ ሁሉ፣ ዲስኩን ከመግዛታችሁ በፊት ማስተሩ የምን እንደሆነ ጠይቁ። ከጋራዥ ስትረከቡ ደግሞ ትንሽ ነድታችሁ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ከዚያ አራቱንም ጎማ በየተራ አስነሥታችሁ በእጃችሁ አዙሩ። ካልዞረ አትረከቡ።