በፊደል የተሰየመ ሠፈር

ሰው ለመንደሩ ስም ሲያወጣ ከወንዙ፥ ከዛፉ ወይም ከቀደመው ባላባት ይወስዳል። በናይሮቢ ደቡብ የሚገኘው ሳውዝ ሲ ግን የሚጠራው በፊደል ነው፤ በአማርኛ ቢፈታ «ደቡብ ሐ» እንደ ማለት ይሆናል። ጎረቤቱም ሳውዝ ቢ ይባላል። እንዲህ ያለው ስም ሠፈሩ በመሐንዲስ ካርታ እንጂ በነዋሪው ፈቃድ እንዳልተቈረቈረ ያስረዳል።

ናይሮቢ ራሷ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ማሳዮች ከብት ያጠጡበት በነበረው ረግረግ አጠገብ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ሐዲዱ ደረሰ። በ1905 ዓ.ም. የእንግሊዝ አስተዳደር መቀመጫውን ከሞምባሳ ወደዚያው አዛወረ። ከዚህም በኋላ ከተማይቱ በቆዳ ቀለም ተከፋፈለች፤ በምዕራብ ያለው ነፋሻ ኮረብታ ለነጮች፥ በምሥራቅ ያለው ሜዳ ለአፍሪካውያን ሆነ። ሕንዶችም በመካከል፥ ኋላም በደቡብ ሰፈሩ። በ1923 ዓ.ም. የለንደን መንግሥት በከተሞች ውስጥ ሰው በዘሩ ተለይቶ እንዳይሰፍር ቢወስንም፥ በመሬት ውል የሚጻፈው ክልከላ ልማዱን አቈየው።

ሳውዝ ሲ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ መካከል ያለ ሜዳ ነው፤ በ1946 ዓ.ም. የተከለለው የአራዊት ፓርክም ሩቅ አይደለም። ኬንያ በታኅሣሥ ወር 1963 ዓ.ም. ነጻ በወጣች ጊዜ የቀለም አጥር ፈረሰ። በሕንዶች ጎን አፍሪካውያን የመንግሥት ሠራተኞችና ነጋዴዎች ገቡ፤ ሶማሌዎችም በዙ። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሠፈር ቆሙ። ነዋሪዎቹ መሐንዲሱ ያላሰበውን ጉርብትና መሠረቱ።

ይሁን እንጂ አጥሩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በሕግ ፈንታ የቤት ኪራይ ይለያል። ደግሞም መሬቱ ውሃ ቶሎ የማያሰርግ ዋልካ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ከነአትክልቱ ይኖርበት በነበረው ግቢ ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ የሚይዝ ፎቅ ይቆማል፤ ለጥቂቶች የተቀበረው የቆሻሻ ውሃ ቧንቧ ግን ከፎቁ ጋር አያድግም። ክረምት በገባ ጊዜ ጉዳቱ በደጃፍ ይታያል።

ስለዚህ የሳውዝ ሲ ታሪክ ለተማሪ ሁለት ነገር ያስተምራል። ሰውን ለመለየት የተነደፈ ፕላን ግፍ ነው፤ ነገር ግን ፕላንን ጨርሶ መተውም ከግፍ አያድንም። ነጻነት ሰው በመረጠው ሠፈር እንዲኖር በሩን ከፈተ፤ በዚያ ሠፈር በጤና እንዲኖር ማድረግ ግን ከነጻነት በኋላ የመጣው ትውልድ ዕዳ ነው።