የእንስሳት መኖ በአይሶቶፕ የተመረመረበት ታሪክ

አንድ የዱር እንስሳ ምን እንደሚበላ ሳይታወቅ ስለ አኗኗሩ የሚነገረው ሁሉ ከግምት አያልፍም። ሆኖም ለብዙ ዘመን ተመራማሪው የነበሩት መንገዶች ጥቂቶች ነበሩ፤ እነዚህም እንስሳውን ከሩቅ ሆኖ መመልከት፣ ፋንድያውን መመርመር፣ አለዚያም ገድሎ የጨጓራውን ይዘት ማየት ናቸው። የመጀመሪያው በሌሊትና በጥቅጥቅ ደን ውስጥ አያገለግልም። ሁለቱ ደግሞ የሚናገሩት ስለ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ የተዋጠውም ሁሉ ወደ ሥጋ አይለወጥም። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ይህን ችግር ያቃለለው ዘዴ በአብዛኛው የተገኘው ከእንስሳት ሊቃውንት ሳይሆን ከኬሚስቶችና ከጥንት ታሪክ አጥኚዎች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች በፕሮቶን ቍጥር እኩል ሆነው በኒውትሮን ቍጥር ሲለያዩ አይሶቶፕ ይባላሉ። ስያሜውን በ1913 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፍሬድሪክ ሶዲ ነው። ካርቦን 14 ጨረር እየሰጠ ይፈርሳል፤ ካርቦን 12 እና ካርቦን 13 ግን ጽኑዓን ናቸው። ከተፈጥሮ ካርቦን ውስጥ 1.1 በመቶ ያህሉ ካርቦን 13 ነው። ይህ መጠን ከቦታ ቦታ የሚለዋወጠው እጅግ በጥቂቱ በመሆኑ ልዩነቱ የሚቈጠረው በመቶ ሳይሆን በሺህ ነው። አልፍሬድ ኒየርን የመሳሰሉ ሊቃውንት ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለውን መሣሪያ ባያሻሽሉት ኖሮ ልዩነቱን ለይቶ ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

የነገሩ ቍልፍ የሚገኘው በዕፀዋት ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሃችና ስላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ሸንኮራ አገዳን ሲያጠኑ፣ አንዳንድ ዕፀዋት ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን አረጋገጡ። እነዚህ ሲ 4፣ የተቀሩት ሲ 3 ተባሉ። ከተወሰነው መለኪያ ጋር ሲነጻጸር የሲ 3 ዕፀዋት ካርቦን 13 በሺህ 27 ያህል፣ የሲ 4 ዕፀዋት ደግሞ በሺህ 13 ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ለመምህራን በቅርብ የሚገኝ ምሳሌ የእህል ጎተራው ነው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ከሲ 4 ወገን ሲሆኑ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና እንሰት ከሲ 3 ወገን ናቸው።

ይህ ልዩነት በመጀመሪያ የታየው እንደ እንቅፋት ነበር። የካርቦን 14 ቤተ ሙከራዎች የጥንት በቆሎን ዕድሜ ሲለኩ ውጤቱ ከሚገባው በታች እየሆነ ያስቸግራቸው ነበር፤ ምክንያቱም በቆሎው በከባዱ ካርቦን የበለጸገ መሆኑ ነው። ፎገልና ቫን ደር ሜርቨ በ1977 ይህንኑ እንቅፋት ወደ መሣሪያ ለወጡት። በኒው ዮርክ ግዛት የተገኙ የጥንት ሰዎችን አፅም በመለካት፣ በቆሎ በዚያ አካባቢ የሕዝቡ ምግብ የሆነበትን ዘመን ከአጥንቱ ለማንበብ ቻሉ።

በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማይክል ዲኒሮና ሳሙኤል ኤፕስታይን ለዘዴው ጽኑ መሠረት ጣሉለት። አይጦችን፣ ነፍሳትንና ሌሎች ትንንሽ እንስሳትን መጠኑ በታወቀ መኖ አሳድገው፣ የእንስሳው አካል የመኖውን ካርቦን በሺህ አንድ ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ እንደሚያስተላልፍ በ1978 አሳተሙ። በ1981 ደግሞ ናይትሮጅን 15 በሺህ ሦስት ያህል እንደሚጨምር አመለከቱ። ስለዚህ ካርቦን የመኖውን ዓይነት ሲናገር፣ ናይትሮጅን እንስሳው ሣር በል ይሁን ሥጋ በል፣ በምግብ ሰንሰለቱም በስንተኛው እርከን እንደሚገኝ ይናገራል።

ምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ ጥናት የተመቸ ሆኖ ተገኘ፤ በቈላው ሣሩ ሲ 4፣ ዛፉና ቍጥቋጦው ሲ 3 ነውና። ከዚያ የተገኘው ትምህርት በዝሆን ጅራት ፀጉር ጎልቶ ይታያል። ፀጉር ሲያድግ የየወቅቱን መኖ ምልክት እየያዘ ስለሚሄድ፣ ከጫፍ እስከ ሥር ተቈራርጦ ሲለካ እንደ መዝገብ ይነበባል። ቱሬ ሰርሊንግና ባልደረቦቹ በሰሜን ኬንያ በሳተላይት ከሚከታተሏቸው ዝሆኖች ፀጉር ወስደው ውጤቱን በ2006 አሳተሙ። በሳምቡሩ ቈላ የሰነበቱት በዝናብ ወቅት ሣር፣ በበጋ ቅጠል ይበሉ ነበር። አንዱ ግን በኬንያ ተራራ አጠገብ ወዳለው ኢመንቲ ደን እየተሻገረ፣ ሣር በማይጠበቅበት በደረቁ ወራት የሲ 4 ምልክት አሳየ። ተመራማሪዎቹ ነገሩን የተረዱት ዝሆኑ በሌሊት ወደ ገበሬዎች የበቆሎ ማሳ ይወርድ ነበር በማለት ነው። በሰብል ጥበቃና በዱር አራዊት ጥበቃ መካከል ለሚያቅድ ሰው እንዲህ ያለ ማስረጃ ከብዙ አቤቱታና ከብዙ ክርክር ይልቃል።

ሆኖም ዘዴው ወሰን አለው። ቲሴንና ባልደረቦቹ በ1983 የበረሃ አይጦችን ከበቆሎ ወደ ስንዴ መኖ አዛውረው ሲለኩ፣ የጉበት ካርቦን በግማሽ የተለወጠው በ6.4 ቀን፣ የፀጉሩ ግን በ47.5 ቀን ነው። እንግዲህ የሚለካው ብልት ሳይጠቀስ የሚሰጥ ውጤት ዋጋ የለውም። ከዚህም የከፋ ስሕተት የሚመጣው ከከፍታ ነው። በኬንያ ከ3000 ሜትር በላይ የሚበቅለው ሣር በአብዛኛው ሲ 3 ነው። በቀዝቃዛው የስሜን ደጋ የሚግጥ ጭላዳም በቈላው ሚዛን ቢመዘን፣ ዕድሜውን ሁሉ ሣር እየበላ ቅጠል በል ሊባል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የአካባቢውን ዕፀዋት መለካት ግድ ነው።

ይኸው መለኪያ ሚሊዮን ዓመታት ወደ ኋላም ይደርሳል፤ የጥርስ ገለፈት ካርቦኑን ሳይለውጥ ያቆያልና። ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአራሚስ የኖረው አርዲፒቴከስ ራሚደስ ምግቡ በብዛት ከሲ 3 ዕፀዋት እንደነበረ በ2009 ታወቀ። የሉሲ ወገን የሆነው አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ ግን በሐዳርና በዲኪካ በተገኙት ጥርሶች ሲመረመር፣ አንዳንዱ ግለሰብ በሲ 3፣ አንዳንዱ በእጅጉ በሲ 4 ምንጭ ላይ ይኖር እንደነበር በ2013 የወጣው ጥናት አሳየ። ሲ 4ቱ የተገኘው ከሣር ዘር ይሁን ከሥር፣ ወይም ሣር ከበላ እንስሳ ሥጋ፣ ካርቦን ብቻውን አይለይም።