ዕጣ የተጣለባቸው መንደሮች

የቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈል መደቡን የሠራው ሰው ራሱ መርጦ አያነሣም። ዕጣ ይጣላል። ዕጣ ሲጣል ወዳጅና ጠላት፣ ሀብታምና ድኻ እኩል ይሆናሉ፤ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር እንኳ የሚከሰው አያገኝም። የሕክምና ሳይንስም ወደ ዕጣ የሄደው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ምክንያት ነው። ሐኪም አዲሱን መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ከመረጠ፣ ሳያውቀውም ቢሆን ይድናል ብሎ ወዳሰበው በሽተኛ ያዳላል። ከዚያ በኋላ ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን ምርጫው መለየት ያስቸግራል።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከታወቁት ፈተናዎች በአንዱ ልጀምር። እንግሊዝ አገር ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመ ጥናት፣ ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ያድን እንደሆነ ለማወቅ 107 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የዕጣውን ሥርዓት ያወጣው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። 55ቱ ከአልጋ ዕረፍት ጋር መድኃኒቱን አገኙ፤ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ። መድኃኒቱ በአገሩ ጥቂት ስለነበር ለሁሉ አይዳረስም ነበር። በ6 ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ማስረጃው ግልጽ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተው ተገኙ። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል። ዕጣው አልዋሸም፤ የተጠየቀው የ6 ወር ጥያቄ ነበር፣ የመለሰውም የ6 ወር መልስ ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ያስፈልገናል።

በአገራችን በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ደጋውን ሳይቀር አጥለቅልቆ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመ፣ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ወዲያው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ የሚረጩ ሠራተኞችም ቤት ለቤት ዞሩ። ሆኖም ወባ ከዝናብ ጋር የሚመጣና የሚሄድ በሽታ ነው። ቤቱ በተረጨበት ዓመት ዝናቡ ቢቀርና በሽታው ቢቀንስ፣ ምስጋናው የርጭቱ ነው ወይስ የሰማዩ? ካልተረጨ ጎረቤት ጋር ሳያስተያዩ መልሱን ማግኘት አይቻልም።

ይህ ጥያቄ በዕጣ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ለእኛ ለአዳማ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በሞጆና በመቂ አልፎ ወደ ባቱ፣ ወደ ቀድሞዋ ዝዋይ፣ በሚወርደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአዳሚ ቱሉ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2017 መጀመሪያ የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳና የኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ 176 መንደሮችን ወስደው በ4 ወገን በዕጣ ከፈሏቸው። 44ቱ አጎበርም የቤት ውስጥ ርጭትም፣ 44ቱ አጎበር ብቻ፣ 44ቱ ርጭት ብቻ ደረሳቸው። የቀሩት 44 ከተለመደው አገልግሎት በቀር አዲስ ነገር አላገኙም። ዕጣው በሰው ሳይሆን በመንደር የተጣለው የወባ ትንኝ የጎረቤት አጥር ስለማታውቅ ነው። ከ34 ሺህ በላይ ሰዎች ለ121 ሳምንታት ክትትል ተደረገላቸው።

ውጤቱ ብዙዎችን ያስገረመ ነው። በዓመት ከ1,000 ሰው 16 ያህል በወባ ታመመ፤ በአራቱ ወገኖች መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ታዲያ አጎበር ከንቱ ነው? በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋምቢያ፣ በጋና፣ በኬንያና በቡርኪና ፋሶ የተደረጉ ተመሳሳይ ፈተናዎች አጎበር የሕፃናትን ሞት በአማካይ ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እነዚያም ይህም በዕጣ የተዳኙ ናቸው። ልዩነቱን መፈለግ ያለብን ከዕጣው ውጭ ነው። በአዳሚ ቱሉ ለ3 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ከታደለው አጎበር እኩሌታው በአንድ ዓመት ገደማ ከአገልግሎት ወጣ። የአካባቢው ትንኝ ሰው ገና ሳይተኛ፣ አመሻሹ ላይ፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። በመካከሉም ድርቅ ገባ። በዚያ ላይ ተመራማሪዎቹ በየሳምንቱ ቤቶቹን እየጎበኙ ትኩሳት ያለበትን ወደ ጤና ኬላ ይልኩ ነበር፤ ይህ ለሰው ተገቢ ክብር ነው፣ ነገር ግን በአራቱም ወገን በሽታውን ሊያበርድ ይችላል።

እኔ የዕጣን ጥቅምም ወሰኑንም እዚሁ ላይ አያለሁ። ማነጻጸሪያዎቹ 44 መንደሮች ባይኖሩ ኖሮ በሽታው አነስተኛ መሆኑን ያየ ሁሉ ለአጎበሩና ለርጭቱ ባጨበጨበ ነበር። ከዚህ ስሕተት ያዳነን ዕጣው ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ግን ዕጣው ብቻውን መልስ የለውም። የአጎበሩን ቀዳዳ የቆጠረ፣ ትንኟ የምትነክስበትን ሰዓት ማታ ቁጭ ብሎ የመዘገበ ሰው ያስፈልጋል።

ዕጣ ለመጣል ጊዜ የማይሰጥ ችግርም አለ። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል እንግዳ ትንኝ በአገራችን በመጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ ቀጥሎም በድሬዳዋና ከአዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አዋሽ ሰባት ታየች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ከተሜው ውሃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሣ ተመራማሪዎች የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጽረው ወረርሽኙን ከእርሷ ጋር አያያዙት። ይህ በዕጣ የተደረገ ፈተና አይደለም፤ ሆኖም ዕጣ እስኪጣል ዝም ማለት አይቻልም ነበር።

እንግዲህ የአዳሚ ቱሉን ውጤት ይዞ «አጎበር አይሠራም» የሚልም፣ የጋምቢያን ይዞ «አጎበር ከታደለ በቂ ነው» የሚልም ከተጠየቀው ጥያቄ በላይ መልስ እየወሰደ ነው። የባቱ ገበሬ ቀዳዳ አጎበሩን ማን እንደሚለውጥለት፣ የአዳማ ነዋሪም በርሜሉን ቢከድን ምን ያህል እንደሚጠቀም መጠየቅ አለበት። ያ ጥያቄ በእኛው ከተማ፣ በእኛው ሰፈሮች መካከል፣ በዕጣ ሊፈተን የሚገባው ነው እላለሁ። እስከዚያው ግን በርሜሉን ከድኖ መጠበቅ ይሻላል።