የማን አዝመራ?

ለእኛ ዳስ ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። የሚያልፍ ነገር ሲመጣ እንጥለዋለን፤ ሲያልፍ እናፈርሰዋለን። ለአይሁድ ግን ዳስ ራሱን የቻለ በዓል ነው። በዕብራይስጥ ሱኮት ይሉታል። ሰባት ቀን የሚከበር የአዝመራ በዓል ሲሆን ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይውላል። ገበሬው ምርቱን ጎተራ ካስገባ በኋላ ከቤቱ ወጥቶ ቅጠል በለበሰ ዳስ ውስጥ ይበላል፣ ይጠጣል። ምክንያቱን ኦሪት ዘሌዋውያን ይነግረናል፤ አባቶች ከግብጽ ሲወጡ በዳስ መኖራቸውን ትውልድ እንዳይረሳ ነው። ሰው ቤት እንዳልነበረው የሚረሳው ደግሞ ሲጠግብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሳምንት ኢየሩሳሌም ነበርኩ። ከጎንደር ገጠር የሄዱ የቤተ እስራኤል አዛውንቶች የእስራኤል ሙዚየምን ሊጎበኙ ሲነሡ፣ «የአገራችን ልጅ» ብለው እኔንም አስከተሉኝ።

ሙዚየሙ ውስጥ ካየነው ሁሉ ያቆመን አንድ የእንጨት ዳስ ነው። ፊሻክ ከምትባል የደቡብ ጀርመን መንደር የመጣ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። በሳንቃዎቹ ላይ መንደሪቱም ኢየሩሳሌምም ተሥለዋል። ናዚዎች ጀርመንን በያዙ ጊዜ፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ዳሱ በድብቅ ከአገር ወጣ። በመንደሪቱ የቀሩት አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1942 ተጋዙ። ለሰባት ቀን የተሠራው ዳስ ከመንደርተኛው ዕድሜ በለጠ ማለት ነው።

ከዚያ ወጥተን ግቢው ውስጥ ለጎብኚ በተጣለ ዳስ አረፍን። ሴቶቹ ዳቦውን ቆረሱ፤ ቡናው ከፔርሙስ ተቀዳ። አንድ ሽማግሌ ዘንባባ፣ ባርሰነትና አኻያ በአንድ እጃቸው፣ ትርንጎ በሌላው ይዘው ባረኩ። እኔ ከዳሱ ጠርዝ ቆሜ አያለሁ።

«እናንተም አገር ቤት እንዲህ ዳስ ትጥሉ ነበር እማማ?» አልኳቸው አጠገቤ የተቀመጡትን እናት።

«በዓለ መጸለትን እናከብራለን። ዳስ ግን እኛ ሰፈር አንጥልም። የምንኖርባት ጎጆ ከዳስ በምን ትሻላለች ልጄ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጥ አድርገው፣ «ዳስ ያየሁት ሱዳን ነው» አሉ።

ነገሩ ገባኝ። በ1970ዎቹ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጥተዋል። ብዙዎቹ ከቆዩባቸው መጠለያዎች አንዱ ኡም ራኩባ ይባላል። ራኩባ በሱዳን ዓረብኛ የሳር ዳስ ማለት ነው። በመንገድና በነዚያ መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብና በበሽታ እንዳለቁ ይገመታል። የተረፉት ብዙዎቹ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ጉዞ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተነሡ።

እኔን የከነከነኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። የአዝመራ በዓል መሬት ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች መሬት ነበራቸው ወይ? ታሪኩ እንደሚለው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው አወጁ። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሰው መሬት በእርቦና በሲሶ ያርሳል፣ ወይ በእጁ ይበላል። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። እኛስ ምን አደረግን? ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን «ቡዳ» ብለን ሰደብነው። በማረሻው አረስን፣ በማጭዱ አጨድን፣ በሸክላዋ ጠላ ጠመቅን። ከዚያ የልጃችንን ፊት ከዓይናቸው ሸፈንን።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለእነሱም የመሬት መብት ሰጠ። ግን በወረቀት የተሰጠ መሬት የጎረቤትን ዓይን አይለውጥም። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙዎቹ ሌሊት ሌሊት ወደ ሱዳን ይጓዙ ጀመር። የጠራቸው የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነው፤ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጸልዩበት ኖረዋል። የገፋቸው ውስጥ ግን የኛም እጅ አለበት። ጦርነቱን፣ ድርቁንና ደርግን ስንቆጥር ራሳችንን መዝለል ለምዶብናል።

እዚያም ቢሆን ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። ሃይማኖታቸውን የሚጠራጠር፣ ቆዳቸውን የሚያይ ገጥሟቸዋል። እናትየዋ ይህንም አልደበቁኝም። «እዚያ ፈላሻ፣ እዚህ ጥቁር። ግን እዚህ የሞተ ልጄን የምቀብርበት መሬት አለኝ» አሉኝ።

ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

«ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ደጅ ያቆምሃል?» አሉኝ ስኒውን እየዘረጉ። በዳስ በዓል እንግዳ ማስገባት ትልቅ ወግ ነው፤ አብርሃምን ሳይቀር በስሙ ጠርተው ይጋብዛሉ።

ገብቼ ቡናውን ተቀበልኩ። እኔ የጠየቁኝን ጥያቄ አያቶቼ ለእነሱ ጠይቀዋቸው ያውቁ እንደሆን እያሰብኩ ጠጣሁት።