የደጋ ሰው ደም በማን መስፈርት ይለካ?

ከ4000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከጉና ጫፍ አንሥቶ እስከ ንፋስ መውጫ ያለው የጋይንት ደጋ አየሩ ስስ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ሕክምናም እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው ደሙ መወፈር አለበት ብሎ ለረጅም ጊዜ አምኗል፤ ኦክስጅን ሲያጥር ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፣ መቅኔም ቀይ የደም ሴል ያበዛል። እምነቱ በአብዛኛው የተቀዳው ከአንዲስ ተራሮች ነው። ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የገለጸው የተራራ ሕመም ደም ከልክ በላይ ሲወፍር የሚመጣ ነው። ይህ መስፈርት ለእኛ ደጋ እንዳለ ሊወሰድ እንደማይገባ ለመከራከር የሚያስደፍረው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የደም ሐኪም የተሳተፉበት ጥናት ነው።

ሐኪሙ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም በሽታዎች ስፔሻሊስት የሆኑት ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን ናቸው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል የመሩት ይህ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በስሜን ተራሮች፣ 3530 ሜትር ላይ፣ 236 የአምባራስ አካባቢ ነዋሪዎች ተመረመሩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ በባሕር ጠረፍ ከሚጠበቀው ክልል አልወጣም። የአንዲስ ሰው ደሙ ይወፍራል፤ የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ ባይጨምርም በደሙ ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው። የአምባራስ ሰው ግን የደሙ የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር።

የዶክተር አምሃ ሌላው የሥራ መስክ የደም ካንሰር ነው። ሥር የሰደደውን ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚያክመው ኢማቲኒብ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በጥቁር አንበሳ ለታካሚዎች በነፃ ሲታደል ቆይቷል። መድኃኒቱን በተቋቋመው ሉኪሚያ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የደጋ ደምና የደም ካንሰር የማይገናኙ ይመስላሉ፤ የሚገናኙት ሐኪሙ «ጤነኛ ደም ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2011 መመሪያ በ3000 ሜትር ከሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ላይ 1.9 ግራም እንዲቀነስ ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ሄሞግሎቢኗ 13 የሆነ የንፋስ መውጫ ሴት በወረቀት ላይ 11.1 ይሆንባትና ጤነኛ ሆና ሳለ «ደም ማነስ አለብሽ» ልትባል ትችል ነበር። ከዚህ የሚከፋው ተቃራኒው ነው። የአንድ ገበሬ ሄሞግሎቢን 19 ሆኖ ሲገኝ «ደገኛ ስለሆነ ነው» ተብሎ ቢሸኝ፣ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የተባለው መቅኔን የሚይዝ ካንሰር ሳይታወቅ ይቀራል። የደጋው ወንድ አማካይ 15.9 ከሆነ 19ን በከፍታ ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ ጃክ 2 የተባለው ዘረ መል መመርመር አለበት።

ተቃውሞ አይጠፋም። የአምባራሱን ጥናት የመሩት የውጭ ሰው ናቸው፣ አምሃ በጸሐፊዎቹ ዝርዝር አምስተኛ ናቸው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ወደ ሕመምተኛው አልጋ የሚያመጣው እዚሁ የሚያክም ሐኪም ነው። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የአንድ አካባቢ 236 ሰዎች መላውን ደጋ አይወክሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና አምሃም የተሳተፉበት የዘረ መል ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል፤ የባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከስሜን አማሮች ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የስሜን ደገኞችም ቢሆኑ ከከፍታው ጉዳት ፈጽሞ አላመለጡም፤ የሳንባ ደም ሥሮቻቸው ግፊት ከቆላ ነዋሪዎች ከፍ ማለቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል። ስለዚህ የአምባራስን ቁጥር ለጋይንት እንዳለ ማዋስ የአንዲስን ከመዋስ የተሻለ ቢሆንም በቂ አይደለም።

መለካት ያለበት እዚሁ ነው፤ አገሩም ለዚህ የተመቸ ነው። ከጉና ትከሻ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የጋይንትና የስማዳ ሕዝብ ቋንቋውም ዘሩም አንድ ሆኖ በደጋና በቆላ ተከፍሎ ይኖራል። እንግሊዛዊው ሃሪሰንና ባልደረቦቻቸው የደጋውን ደባርቅ ከቆላው አዲ አርቃይ እያነጻጸሩ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ዓይነት ሥራ እዚህም ሊሠራ ይችላል። ቆላው ላይ ወባና መንጠቆ ትል ደም ያሳንሳሉ፤ ስለዚህ ሄሞግሎቢን ከመለካት ጎን የሰገራና የወባ ምርመራ ካልተደረገ፣ የበሽታውን ሥራ ለከፍታው ልዩነት መስጠት ይመጣል።